ባክቴሪያን በአፍንጫ

ሕሙማን ከሚተኙበት ዎርድ ስወርድ አዛውንቱ የላቦራቶሪያችን ኃላፊና የእህታቸው ልጅ ደረጃው ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። የጭቅጭቁ ምክንያት ወዲያው ገባኝ። የአዛውንቱ ባለቤት የእኔ ታካሚ ናቸው። የእግራቸው ቁስል እያመረቀዘ ነው፤ ትክክለኛው መድኃኒት ቶሎ ካልተገኘ እግራቸው መቆረጡ ነው።

አዛውንቱ ባክቴሪያ የሚለዩት ያደገበትን ሳህን ከፍተው በማሽተት ነው። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ሠርተው «ባለ አፍንጫው» የሚል ስም አትርፈዋል። ኧረ ለመሆኑ ሰው ጀርም እየሳበ እስከ መቼ ይኖራል? ተው ብንላቸው፣ ብንለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። አሁንም «የወይን ፍሬ ይሸታል» ብለው የባክቴሪያውን ዓይነት ፈረዱ፤ በእሳቸው ቃል የጀመርነው መድኃኒት ግን ጠብ ያደረገልን ነገር የለም።

ልጅቱ ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባለው መሣሪያ ሠልጥና የመጣች ናት።

«አጎቴ፣ ባክቴሪያ ሲመገብ የሚያስወጣቸው ኬሚካሎች አሉ፤ መሣሪያው እነሱን በክብደታቸው ይለያል። እርስዎ የሚያሸቱት ጥቂቶቹን ነው፤ ብዙዎቹ ጭራሽ ሽታ የላቸውም።»

«እኔ በዚህ ሥራ ስሸብት አንቺ አልተወለድሽም» አሏት።

ከዚያ ሰበብ መደርደር ጀመሩ፤ መብራት ሲጠፋስ አሉ፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል አሉ። እሷ ሁሉንም በትሕትና ትመልሳለች፤ እኔ ግን በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ።

«የእትዬን የቁስል ናሙና መርምሬዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ወይን የሚሸተው ኬሚካል የለበትም። ያገኘሁት የሌላ ባክቴሪያ ምልክት ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።»

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩን» አልኩ። «በርግጥ ወይን ሸቶዎታል?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ከዚያ ክፉ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ወይን የሚሸተው ባክቴሪያ ሳህኑን አረንጓዴ ያደርጋል፤ አረንጓዴ መሰለኝና ገመትኩ።»

በገዛ ሚስታቸው እግር! ልጅቱ ግን አጠገባቸው ተቀምጣ፣ መሣሪያው ንጹሕ ናሙና የሚያዘጋጅለት የለመደ እጅ እንደሚፈልግ ነገረቻቸው። ተነሡና «በይ አሳዪኝ» አሉ።

መድኃኒቱ ተለወጠ፤ እግሩም ተረፈ። ዛሬ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ሳህን የሚያሸት የለም፤ ውጤት ቶሎ ይደርሳል፤ በግምት የሚታዘዝ መድኃኒትም ቀርቷል። አዛውንቱም የመሣሪያው ዋና ጠበቃ ሆነዋል።

ጥፋታቸውን ለባለቤታቸው የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ሴትዮዋ ትራሳቸውን እያስተካከሉ ሰሟቸው።

«ድስት አጠገብህ አርሮ ዝም ያልክ ጊዜ አውቄዋለሁ» አሏቸው። «ሐኪሞቹም የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።»