ውዱ ሲዲ ማጫወቻ

እኔ እስራኤል አገር፣ ታሃና መርካዚት በሚሉት አውቶቡስ ተራ አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው የምሸጠው። ውድ ሲዲ ማጫወቻ ያዋጣል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ «አያዋጣም፣ ስልክህ ይበቃሃል።» ለደንበኛዬ ለአባባ አለሙም ይህንኑ ብያቸው ነበር። እምቢ ብለው ከሱቁ ውዱን ገዝተው ሄዱ። በሳምንቱ ደወሉና «ቤት ድረስ ና!» አሉኝ። ሊመልሱት ነው ብዬ እየተሳቀቅኩ ሽኩና ዳሌት ወደሚባለው ሰፈራቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ትልቁ ልጃቸው «ሐቫል ዓል ሃኬሴፍ!» እያለ ለባከነው ገንዘብ ይቆጫል።

አባባ አንድ ሲዲ ከተቱ። ቄስ የነበሩት አባታቸው በሕይወት ሳሉ በግዕዝ ሲጸልዩ የተቀዳ ነው። እኚህ ቄስ አንዲት ቃል አይስቱም ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራላቸዋል። «እዚህ ጋ ስማ» አሉኝና ድምፁን ከፍ አደረጉት። ቄሱ ድንገት ቆም አሉ። ወዲያው ከኋላቸው የሴት ሹክሹክታ ቀጣዩን ቃል አቀበላቸው፤ እሳቸውም ምንም እንዳልተፈጠረ ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

«ማናቸው?» አልኩ።

«እናቴ ናት። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ! በድሮው ማጫወቻ ይሄን ሁሉ ዓመት ስሰማው፣ አባቴ ትንፋሽ የሚሰበስብ ነበር የሚመስለኝ» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንግዲህ አንተ ሻጩ፣ ያዋጣል አያዋጣም?»

ልጃቸው ከበሩ መጥቶ አጠገባችን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«አባ፣ ዖድ ፓዓም» አለ። «አንድ ጊዜ ደግሞ እሷን ድገማት።»