ባለ ጉብታውን ዓሣ ስለ ተቀበሉት እጆቼ

የምስክሩ ስም፦ ኔማኒ ራቱሉ
ዕድሜ፦ ሃምሳ አንድ (እናቴ ሃምሳ ነው ትላለች)
አድራሻ፦ ዋይላጊ መንደር፣ ቫኑዋኩላ ደሴት፣ ፊጂ
ሥራ፦ ጀልባ ነጂና የተከለለው ባሕር ጠባቂ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ቫኑዋኩላ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሰኞ ኦገስት 12 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮርፖራል ሳኪኡሳ ቦላ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር የሚከተለውን ቃል በራሴ እጅ ጽፌ ሰጥቻለሁ። ኮርፖራሉ እንደ ደንቡ እኔ ልናገር፣ እሱ ሊጽፍ ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የማታውን ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ ቃሌን ለሌላ ሰው እጅ አላውስም አልኩት። የእሱ ደሴትና የእኛ ደሴት ሰዎች ከአያቶቻችን ጀምሮ መሰዳደብ የተፈቀደልን ስለሆንን፣ «አንተ የሸርጣን ልጅ፣ እስክትጨርስ ጡረታ እወጣለሁ» አለኝ። እኔም «የአንተን ጽሕፈት ከማነብ ሸርጣን አሸዋ ላይ የሄደበትን ባነብ ይሻለኛል» አልኩት። ይህም ይመዝገብልኝ።

በዚህ ደሴት ከእኔ የተሻለ ጀልባ ነጂ የለም። አለሁ የሚል ካለ ከማዕበል ጎትቼ ያወጣሁት ሰው ነው። የጠባቂነት መታወቂያ የተሰጠኝም ለዚሁ ነው። በመንደራችን ፊት ለፊት ያለው የኮራል አለት ዓሣ እንዳይጠመድበት በሽማግሌዎች ስብሰባ ከተከለለ ወዲህ ቱሪስቶች ሊያዩት ይመጣሉ። የሚያርፉበት ሎጅም በምላሹ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን ጀልባ ነዳጅ ይችላል። ዓሣው ተመልሷል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሴቶቻችን ግን ለድስታቸው የሚሆን ፍለጋ ከአለቱ ባሻገር እስከ ክፉው ሞገድ ድረስ ይቀዝፋሉ። ሞገዱ እምቢ ያላቸው ቀን የቆርቆሮ ዓሣ እንበላለን። ዓሣ የምጠብቅ ሰው ከሱቅ ዓሣ ስገዛ ባለ ሱቁ ይስቅብኛል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ።

በአለቱ ላይ ግንባሩ ያበጠ፣ ሰማያዊ፣ ርዝመቱ የእኔን ቁመት የሚያህል ዓሣ ነበረ። ቱሪስቶቹ «ከንቲባው» ይሉታል። የጀልባዬን ጎን በመቅዘፊያ ስመታ እንዲመጣ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢመታ አይመጣም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቱሪስቶች ይዤ ወደ አለቱ ሄድኩ። እንደ ልማዴ የጀልባዋን ጎን መታሁ። ከንቲባው መጣ። አንደኛው ቱሪስት በስልኩ ይቀርጽ ጀመር። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ጦር ይዞ ከሥር ሲወጣ አየሁ። ዓሣው ሰው ስለ ለመደ አልሸሸም። ጦሩ ከጉብታው ኋላ ገባ። ሰውየው ራሱን ከውሃ ሲያወጣ የእህቴ የቫሲቲ ልጅ አሳኤሊ መሆኑን አወቅሁ።

አሳኤሊ የሚኖረው በአባቱ ደሴት ነው። ፍሬ ለመልቀም አውስትራሊያ እንዲሄድ ተፈቅዶለት ሊሰናበተን መጥቶ ነበር። በእኛ ዘንድ የእህት ልጅ ከእናቱ መንደር የወደደውን ሳይጠይቅ ይወስዳል፤ ቫሱ እንለዋለን። አሳማዬን ቢጎትት፣ ሸሚዜን ከገላዬ ቢያወልቅ፣ እምቢ ያልኩ እንደሆነ የማፍረው እኔ ነኝ። ለገና ሬዲዮኔን አንሥቶ ሲሄድ «ባትሪውን ረሳህ!» እያልኩ እስከ ወደቡ የሮጥኩ ሰው ነኝ።

አንዷ ቱሪስት ጮኸች። እኔም እንደ ጠባቂ «ቁም!» ለማለት አፌን ከፈትኩ። አሳኤሊ ግን ዓሣውን በሁለት እጁ አቅፎ ዋኘና በጀልባዋ ጠርዝ ላይ አስደገፈው። ራሱን ዝቅ አድርጎ «አጎቴ፣ ለመሰናበቻዬ ነው። የእናቴ አገር ዓሣ ነው። ጭንቅላቱን አንተ ብላልኝ» አለኝ።

አፌ እንደ ተከፈተ ቀረ። እጆቼ ግን አጨበጨቡ። መዳፌን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ፣ በዝግታ፣ ሦስት ጊዜ፣ ስጦታ ስንቀበል እንደምናጨበጭበው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስጦታ ሲቀርብልኝ እጆቼ እኔን አስፈቅደው አያውቁም። ሁሉም በስልክ ተቀርጿል። ቱሪስቶቹ እግራቸውን መቀመጫው ላይ ሰቅለው ከዓሣው ጋር ተመለሱ። አንደኛው «ይሄ ሰውዬ ጠባቂ ነው ቲፎዞ?» ሲል ሰምቻለሁ። ፊልሙን ለሎጁ ሥራ አስኪያጅ ለሚስ ብሮንዊን አሳዩአት፤ እሷም ለፖሊስ አመለከተች።

አሳኤሊ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ታስሯል። ስጽፍ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

ኮርፖራሉ ሕጉን አንብቦልኛል። ጠባቂ ሳይፈቅድለት ያጠመደ ሰው ይከሰሳል። ጠባቂው ተስማምቶ ከሆነ የሚጠየቀው ጠባቂው ነው። አሳኤሊ ከተከሰሰ የጉዞ ወረቀቱ ይሰረዛል፤ አውሎ ነፋስ የወሰደው የእናቱ ጣሪያም ሸራ እንደ ለበሰ ይቀራል። እኔ ከተጠየቅሁ መታወቂያውም ጀልባዋም ይሄዳሉ፤ ሚስ ብሮንዊንም ጠባቂው ራሱ ያፈረሰውን ውል እኔ አልጠግንም ብላለች። ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ጀልባ ነዳጅ አያገኝም።

ጣቢያው አንድ በር ነው ያለው። ከበሩ በስተቀኝ ሚስ ብሮንዊን በረንዳው ላይ ቆማለች። በስተግራ እህቴ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ምንጣፍ ትሠራለች። ስገባ ሚስ ብሮንዊን «ኔማኒ፣ እውነቱን ብቻ ጻፍ። ልጁ ሰረቀ፣ አለቀ» አለችኝ። እህቴ ከምንጣፏ ቀና ሳትል «ወንድሜ፣ ፊደል መማርህ ደስ ብሎኛል። ዛሬ የልጄን ስም አሳምረህ ጻፈው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮርፖራሉ በሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን ዝቅ በማድረግ «ስማ፣ አንተ የሸርጣን ልጅ። በንዴት ነው ያጨበጨብኩት ብለህ ጻፍና ጀልባህን አትርፍ» አለኝ።

«ተናዶ መዳፉን የሚያጎደጉድ ሰው አይተሃል?»

«እኔ ባላይ ምን ቸገረህ? ዳኛው የከተማ ሰው ነው፣ ምን ያውቃል?»

«ዳኛው እናት የለውም? እናቱስ ወንድም የላትም?»

የመጀመሪያውን ገጽ ስሰጠው እሱም በልማድ መዳፉን ሊያጋጥም ሲል «ተው፣ የሚቀርጽ አይጠፋም» አልኩት። ሳቅን። ከግድግዳው ጀርባ ፉጨቱ ሲቆም እኛም ሳቃችንን አቆምን። ኮርፖራሉ ያለኝን ብጽፍ እኔ በዚህ በር ጀልባዬን ይዤ እወጣለሁ፤ አሳኤሊ ግን በእናቱ አገር ሌባ ይባላል።

ስለዚህ ተጠይቄ የምመልሰው የሚከተለውን ነው። አሳኤሊ አስፈቅዶኛል ወይ? አላስፈቀደም፤ ቫሱ አያስፈቅድም። ቢያስፈቅደኝ እከለክለው ነበር ወይ? ከንቲባውን ከማንም በላይ እወደው ነበር፤ ቢሆንም አልከለክለውም ነበር። ጭብጨባው ምን ነበር? መቀበል ነበር። ያጨበጨበ ሰው ዓሣው የእሱ ነው። ከተከለለው ባሕር ዓሣ የወሰደው ጠባቂው ነው። መታወቂያዬን ከዚህ ወረቀት ጋር አስረክቤአለሁ።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም እጄን ሳይዝ ጽፌ፣ ጮክ ብዬ ካነበብኩት በኋላ እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። በዚህ ጣቢያ ከዚህ በፊት የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር።

ፊርማ፦ ኔማኒ ራቱሉ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ኮርፖራል ሳኪኡሳ ቦላ

ከፊርማ በኋላ በምስክሩ ጥያቄ የተጨመረ፦ ሌላ ሰው ቢመታ አይመጣም ብዬ ከላይ የጻፍኩት ጉራ ስለሆነ ይታረምልኝ። ከእኔ በኋላ ጀልባዋን የሚነዳው ሰው ጎኗን በመቅዘፊያ እንዳይመታ ይነገረው። ትንንሾቹ ዓሦችም ለምደዋል፤ ማንም ቢመታ ይመጣሉ።