አምስተኛው መለኪያ

ባለፈው ግንቦት ንፋስ መውጫ ላይ በድንገት የወረደ በረዶ ሁለት የማይፈላለጉ ሰዎችን ከልብስ ስፌት ቤቴ በረንዳ ላይ አገናኘ። አንዱ የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበራችን መሪ አያ ይግዛው ናቸው፤ ሌላዋ ነርሷ ምሥራቅ። የአያ ይግዛው የወንድም ልጅ፣ ያ ስመ ጥር ሯጭ አዱኛ፣ በጥር ወር ከማኅበራችን ጠጥቶ ሲመለስ የምሥራቅን ወንድም ጌታነህን ከነአህያው በመኪና ገጭቶ ገደለው። የሩጫ ክለቡ አባርሮት፣ ታስሮ ፍርዱን ይጠብቅ ነበር።

«ምሥራቅ ልጄ፣ እግዜር አገናኘን» አሉ ጋቢያቸውን እያራገፉ። «ሽማግሌ ብልክ መለስሽብኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለእርቅ ነይ። ልጁ ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ቅጣቱ ቢቀልለት ተመልሶ ይሮጣል።»

«ጌታነህስ ስንት ዓመቱ ነበር?»

ጋቢያቸውን ዳግም አራገፉ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች።

«ክፉ ቀን ጣለው እኮ። ሰይጣን ነው...»

«ሰይጣንን ይተዉት አያ ይግዛው! አረቄውን ማን ቀዳለት?»

«በዓል ነበር። እንግዳ በደረቅ ጉሮሮው ይመለስ?»

«ልምምድ ላይ ነኝ፣ መኪናም ይዣለሁ አላለዎትም?»

«ብሎኛል። ባሕር ማዶ ሮጠህ መጣህና የአጎትህን 'በሞቴ' ናቅህ? አልሁት። ሳቀና ጠጣ።»

«በእርስዎ ሞት ለመኑት፤ የሞተው ግን ወንድሜ ነው!»

አያ ይግዛው ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ ጽዋውን ልታስቀሪብን ነው? ትምህርት ቤት ያስተማረሽ ይህን ነው?»

«ጽዋውን ማን ነካው? ካህኑ የባረከው እሱ አንዱ ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ስንት መለኪያ ሰጡት?»

«ሁለት... ቢበዛ ሦስት።»

እኔ መስማት እንጂ መናገር አይሆንልኝም። ያን ጊዜ ግን መቀሱን አስቀመጥሁ። «አምስት ነው፣ አያ ይግዛው። አምስተኛውን የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ይዞ፣ ቆሞ ነው የጠጣው።»

ምሥራቅ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ ጋሼ? ቁጭ ብለው ሲቆጥሩ አፍዎ የት ነበር?»

ጠዋት ጠዋት ዳዊት እደግማለሁ፤ ያን ቀን ግን «ተዉት» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ትዕግሥት ያልሁት ሁሉ ፍርሃት ኖሯል።

«የጠጣ ሰው ዐይኑ ቢያይም እግሩ ፍሬን ሲረግጥ ይዘገያል» አለች ወደ አያ ይግዛው ዞራ። «ጌታነህን ወደ ጤና ጣቢያው ሲያመጡት ተረኛዋ እኔ ነበርሁ። አዱኛ የነዳበትን ይከፍላል። እርስዎ ግን ምን ከፈሉ? እሑድ እመጣለሁ፤ ተነሥተው 'የቀዳሁለት እኔ ነኝ' ካሉ ብቻ።»

«በሕዝብ ፊት? በዚህ ሽበቴ?»

«ጌታነህ ሽበት አላወጣም።»

በረዶው አባርቷል፤ አያ ይግዛው ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «ያከበርሁት መስሎኝ ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ ጋቢያቸውን ዐይናቸው ላይ አድርገው።

እሑድ ተናገሩ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ ዝም ማለቴን ተናገርሁ። ምሥራቅ ለእርቁ እጇን ሰጠች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም፤ ይፈታ የሚልም የለም። አዱኛም ተፈርዶበታል፤ ፍርዱን እርቁ አልፋቀለትም።

ከዚያ ወዲህ ማኅበራችን የሚመጣ ባለመኪና ወይም ባለባጃጅ ጽዋውን ተሳልሞ ብቻ ያልፋል፤ የሚቀዳለት ውኃ ነው። መጠጣት የፈለገ ቁልፉን በር ላይ ለአያ ይግዛው ያስረክባል፤ የሚመለስለት በማግሥቱ ነው። በ«በሞቴ» መጠጥ መግፋት ቀርቷል። በዓሉ አልጎደለም፤ ጨዋታው እንዲያውም ደምቋል። ሚስት ደጅ ደጁን ስታይ አታመሽም፤ ገበሬውም በማግሥቱ ራሱ ሳይዞር በሬዎቹን ይጠምዳል።

ባለፈው ወር የሚኒባስ ሾፌሩ ይስሐቅ መጣ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ መለኪያ ዘርግቶ «በሞቴ!» ሲለው፣ አያ ይግዛው ነጥቀው መሬት ላይ ደፉት።

«ሞትህን ለራስህ ያዝ!» ብለው ጮኹበት። «ይህ ሰው አሥራ አራት ነፍስ ጭኖ ነው የሚወጣ!»

አሥራ አራቱም በየቤታቸው ገቡ። ጌታነህ ግን አልገባም።