እርጥቡን ሣር የተቀበሉ እጆች

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ስብሐት፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፤

እንዲህ ሞቅ ደመቅ አድርጋችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በተለይ አንቺ ሄራን፣ የሰው ኃይል ኃላፊያችን፣ ሰው ስትቀጥሪ የማውቅብሽን ጥድፊያ ዛሬ ሰው ስትሸኚም አየሁት። ይህን ጋቢ ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ሸማኔውን ስትከራከሪ እንደዋልሽ ሰምቻለሁ። ወፍራም ነው። «አርጅተሻልና እንዳይበርድሽ» ማለታችሁ ከሆነ መልእክቱ ደርሶኛል።

ሳቁ፣ ሳቁ። ቀጥሎ የማወራው ብዙም ስለማያስቅ አሁኑኑ ጠግባችሁ ሳቁ።

ስገባ አቶ ስብሐት በሩ ላይ ጠጋ ብለው «እትዬ ኢየሩ፣ አደራዎን፣ ዛሬ እንኳን የኮረብታውን ነገር አያንሱት። አመስግነው ኬኩን ይቁረጡ» ብለውኛል። ይኸው አመስግኛለሁ። ኬኩን ግን ገና አልቆርጠውም።

ነገ ጠዋት ዶዘሩ ወደ ቱሉ ኤባ እንደሚወጣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ አለ? ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ሁላችንም የምናውቀውን ዘለን ስለ ምን እናውራ? ስለ ኬኩ ክሬም?

አንዳንዶቻችሁ ከነባለቤቶቻችሁ ስለመጣችሁ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ቱሉ ኤባ ከእንጦጦ ጀርባ ያለ ኮረብታ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ያልቅና ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ይጀምራል። ከሥሩ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ድርጅታችን በፈንጂ ሰንጥቆ፣ ፈጭቶ፣ ጠጠር አድርጎ ሊሸጠው ፈቃድ ያወጣበት ድንጋይ። ደኑ የማን ነው? ይህ ከተማ ሳይቆረቆር በፊት እዚያ የነበሩ የኦሮሞ ገበሬዎች ነው። ክረምቱ ሲወጣ ፈጣሪያቸውን የሚያመሰግኑት እዚያ ነው፤ የተጣላ የሚታረቀውም እዚያው ጽዶቹ ሥር ነው። ቱሉ ኤባ ማለት ራሱ የምርቃት ኮረብታ ማለት ነው።

እኔ ጂኦሎጂስት ነኝ። ልጆቼን ያሳደግሁት በድንጋይ ነው። ከዊንጌት እዚህ ድረስ በታክሲ የመጣችሁበት አስፋልት፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር ከእኛ የድንጋይ ካባ የወጣ ነው። የቤቴ መሠረትም እንደዚሁ። ስለዚህ «እትዬ ኢየሩ ጡረታ ስትወጣ መነኮሰች» እንዳትሉኝ። የቱሉ ኤባን ድንጋይ ናሙና ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ድንጋዩ ጥሩ ድንጋይ ነው፤ ሳየው ልቤ ዘሏል። ዋሽቼያችሁ አልሄድም።

ግን እዚያው ናሙና ባወጣሁበት ሰሞን አንዲት ሴት አገኘሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ታውቋቸው የለ? ከእነሱ አንዷ ነች። ደኑ ጫፍ ላይ ሸክሟን ቋጥኝ አስደግፋ ታርፋለች። እግሯ ሥር ደረቅ የጽድ ቅርንጫፍ ወድቋል፤ ምን የመሰለ ማገዶ!

«ይህን ለምን አታነሺውም?» አልኳት።

«ኧረ እትዬ! የሰዎቹ የጸሎት ቦታ አይደል እንዴ? እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ቢሆንም ከሰው ደጀ ሰላም እንጨት አልለቅምም» አለችኝ።

ወገቧ ለሁለት ታጥፏል፣ ግን አላነሳችውም። ያን ዕለት የያዝኩት መዶሻ ከበደኝ።

አሁን ሁላችሁም ወደ ግድግዳው ዞር በሉልኝ። ያ ትልቁ ፎቶ ይታያችኋል? አቶ ስብሐት ከአንዲት አሮጊት እርጥብ ሣር ሲቀበሉ። ከሥሩ «የአካባቢው ማኅበረሰብ በደስታ ሲቀበለን» ይላል። ሻይ ስትጠጡ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ያን ዕለት እኔ ከካሜራው አጠገብ ነበርኩ።

መስቀል ሰሞን ነው። ልናነጋግራቸው ወጣን። አሮጊቷ አኮ በዳቱ ይባላሉ፤ አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እርጥቡን ሣር በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩና ሣሩን ዘረጉ። የሚያስተረጉምልን የዶዘር ኦፕሬተራችን ቢሊሱማ ገና ታች መኪና ያዞራል። አቶ ስብሐት ደግሞ የጉለሌ ልጅ ናቸው። የአዲስ አበባ ልጅ በመስከረም ሣር ይዞ የመጣ ሰው ሲያይ ምን ትዝ ይለዋል? አበባየሆሽ! በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ደረታቸው ላይ አስጠግተው እጅ ነሡ፣ ከዚያ ኪሳቸው ገብተው ብር አውጥተው ዘረጉላቸው።

እኔም በልቤ ስቄያለሁ፤ አልፈርድባችሁም። አኮ በዳቱ ግን ብሩን አላዩትም። ዓይናቸው አቶ ስብሐት እጅ ውስጥ ካለው ሣር አልተነቀለም። ከዚያ ሴቶቹ በሙሉ እልል አሉ። እኛም «በቃ፣ ተስማሙ» ብለን እየተጨባበጥን ወረድን።

ቢሊሱማ ዘግይቶ ሲደርስ ሴቶቹ ሁሉን ነግረውት ኖሮ መንገድ ላይ ራሱን ይነቀንቃል። «ምነው ልጄ?» አልኩት።

«እትዬ፣ እልል ያሉት ለምን እንደሆነ ገብቶዎታል? ደኑን ተዉልን ብለው ለምነው ነው። በእኛ ዘንድ እርጥብ ሣር ይዞ የሚለምን ሰው፣ ሣሩን ከተቀበሉት ልመናውን ተቀብለውታል። ሌላ ነገር የለውም። አቶ ስብሐት እኮ ቃል ሰጡ።»

እንግዲህ እዩት። እኛ እነሱ ደኑን ሰጡን ብለን ተደስተን ወረድን፤ እነሱ እኛ ደኑን ማርንላቸው ብለው ተደስተው ቀሩ። ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ይህ አይደል?

በማግሥቱ ለአቶ ስብሐት ነገርኳቸው። «ሣር እኮ ነው፣ እትዬ ኢየሩ! ፈቃዱ በእጃችን ነው። ሣር ከመቼ ወዲህ ነው ውል የሆነው?» አሉኝ። መልሱ ማታ ቤቴ ስገባ መጣልኝ፤ መልስ ለእኔ ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚመጣልኝ። አቶ ስብሐት፣ ጣትዎ ላይ ያለው ቀለበትስ፣ ለማያውቀው ሰው ቁራጭ ወርቅ አይደል?

ባለፈው ሳምንት ዶዘሩ ወጣ። እኔም ነበርኩ።

ሴቶቹ ከደኑ ፊት ተሰልፈው ቆመዋል። እያንዳንዷ ቀጭን በትር ይዛለች። ሲንቄ ይባላል፤ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት በትር ነው። ሴቶች ያን በትር ይዘው ከቆሙ ወንድ አያልፍም፤ የተጣላም፣ የታጠቀም አያልፍም። ቢሊሱማ በትሩን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። ሄልሜቱን አውልቆ ወረደ።

አቶ ስብሐት በስልክ ናቸው። ድምፁ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «ቀስ ብለህ ግፋ። ብረቱ ሲጠጋቸው ይሸሻሉ።»

«ጋሼ» አለ ቢሊሱማ፣ «እናቴ መሃላቸው ብትኖርም ባትኖርም ያን በትር አላልፍም።»

ቢሊሱማ ዛሬ እዚህ የለም። ከሥራ ታግዷል። ለነገ ሌላ ኦፕሬተር ከሩቅ አገር መጥቷል፤ የበትሩን ትርጉም የማያውቅ። ለምን እሱ እንደተመረጠ ልንገራችሁ? ስለማያውቅ ነው።

ያን ዕለት ፈራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፈንጂ አጠገብ ሠርቻለሁ፣ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ፈንጂ ሊፈነዳ ሲል ሳይረን ይነፋል፣ ሰው ሁሉ ይሸሻል። እዚያ ግን ማንም አልሸሸም። ሊሸሹም አላሰቡም። ነገም አይሸሹም። ይህን ነው ዛሬ ሳልናገር መሄድ ያቃተኝ።

ከዚያ አኮ በዳቱ ወደ እኔ መጡ። ቢሊሱማ አስተረጎመልኝ።

«ሰውየው ታመመ እንዴ?» አሉኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ሣሩን የተቀበለው። ጤነኛ ሰው ሣር ተቀብሎ ብረት አይልክም። ወይ ታሟል፣ ወይ ሞቶ ሳንሰማ ቀብራችሁታል።»

አሽሙር መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አሽሙር አልነበረም። ከልባቸው ተጨንቀዋል። ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ይመለሳል። «ታመመ እንዴ?» ለሚል ሰው ምን ይመለሳል? አንገቴን ደፋሁ። «በሕይወት አሉ» ብቻ አልኩ። «በሕይወት ካለ መጥተን እንጠይቀዋለን» አሉኝ።

ሄራን፣ ጡረተኛ ቤተሰቡን መጋበዝ ይችላል ብለሽ «ስንት ሰው ያመጣሉ?» ስትዪኝ «እነሱ ያውቃሉ» ብዬሽ ነበር፤ ትዝ ይልሻል? እንግዶቼ መጥተዋል። አሁን ግቢው ውስጥ፣ ከዚያ በር ጀርባ ናቸው። ወተት ይዘው፣ ከእንጦጦ ማዶ በእግራቸው ወርደው፣ የታመመ ሊጠይቁ ነው የመጡት።

አትደንግጡ። ዘበኛውንም አትጥሩ። ድንጋይ አልያዙም፤ ድንጋይ ያለን እኛ ነን።

አቶ ስብሐት... አይ፣ «እርስዎ» ማለቱ ዛሬ ይቅርብኝ። ስብሐት። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣህ የመጣኸው እኔ ጋ ነው። መዶሻ ሰጥቼህ «ምታና ስማ፤ ደህና ድንጋይ ይጮሃል፣ ውስጡ የተሰነጠቀ ድምፁ ይታፈናል» ያልኩህ ትዝ ይልሃል? ጓደኞችህ መትተው መትተው ሲሄዱ አንተ ጆሮህን ጥለህ ትሰማ ነበር። ለዚህ ወንበር ስትታጭ የመሰከርኩልህ ስለ ብልጠትህ አይደለም፤ ብልጥ ሞልቷል። ስለዚያ ጆሮህ ነው።

ያሳየሁህ ሌላ ቦታ አለ። መንገዱ ይርቃል፣ ድንጋዩም የዚህን ያህል አያምርም፣ ትርፉ ይቀንሳል። አልደብቅህም፣ አለቆችህም ይቆጡሃል። ግን እዚያ ማንም ጎንበስ ብሎ አልለመነህም። አንተም ማንንም እጅ ነሥተህ አልተቀበልክም።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ውጣና ይዩህ። «ድኛለሁ» ካልካቸው ዶዘሩ ነገ አይወጣም። «የተቀበልኩት ሳላውቅ ነው፣ ቃሌም አይደለም» የምትል ከሆነም እሱን ዓይናቸውን እያየህ በላቸው። በስልክ አይሆንም። ትርጉሙን በማያውቅ ሰው እጅም አይሆንም።

ባልደረቦቼ፣ ጡረተኛ ምርቃት አያጣምና ልመርቃችሁ። ከምታፈነዱት ድንጋይ እግዚአብሔር ይሰውራችሁ። ልጆቻችሁ እናንተ ጠጠሩን ባነጠፋችሁት መንገድ በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡ። እጃችሁ የተቀበለውን ልባችሁ የማይክድ ያድርጋችሁ። ቢሊሱማን ወደ ወንበሩ ይመልስልን። በቱሉ ኤባ እንደሚመርቁት፣ እንደ እርጥብ ሣር ለምልሙ፤ ከዓመት ዓመት አትድረቁ።

አሜን በሉ እንጂ!

አሜን ያላለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ብድግ ብሏል። ስብሐት፣ ይህ አዳራሽ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ መኪናህ ይወስዳል፣ አንዱ ወደ ግቢው። የትኛውን እንደምትይዝ እኔም እንደ ሰው ሁሉ እያየሁህ ነው።

ሄራን፣ የግቢውን በር ክፈቺው። ኬኩን ሸፍኚልኝ፣ ይቆየን። መጀመሪያ የታመመው ይጠየቅ።