ትራክተር ላይ ልጅ አይጫንም ብዬ ነበር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ለስንብቴ አዳራሹን ያስጌጣችሁ፣ ምሳውን ያሰናዳችሁ ሁሉ፣ እጃችሁ ይባረክ። አሰላ በዚህ ግቢ ሃያ ስድስት ዓመት የትራክተር ስምሪት ስሠራ፣ ለእኔ ተብሎ ሰው ሲሰበሰብ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚህ በፊት የምትሰበስቡኝ ልትቆጡኝ ብቻ ነበር። ሳቁ፣ እውነቴን ነው።

ጠዋት ማሚቱ ከጽዳት ክፍል፣ "እትዬ ዘመናይ፣ ዛሬ እንኳን ደስ የሚል ነገር ብቻ ይናገሩ" አለችኝ። ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ከድታችሁኛል። ከፍቶኝ ሳለ ደስ ብሎኛል ማለት አልችልበትም።

ሥራዬን ታውቃላችሁ። ሰኔ ሲገባ የትኛው ትራክተር ወደ ጎበሳ፣ የትኛው ወደ ሮቤ እንደሚወጣ የምመድበው እኔ ነኝ። እርሻው ሲጀመር የመንደሩ ልጆች ከኋላ ይሮጣሉ። ሾፌሩ ሆዱ ይባባና አንዱን አንስቶ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ያስቀምጠዋል። ትራክተሩን የተከራየው አባትየውም ደስ ይለዋል። ግን መያዣ የለውም። መሬቱ አባጣ ጎርባጣ ነው። ልጅ ቢንሸራተት የሚወድቀው የት ነው? ጎማው ሥር ነው።

ይህን በጥር ስብሰባ ተነስቼ ተናገርኩ፤ በመጋቢትም ደገምኩት። "ልጅ የጫነ ሾፌር ከስምሪት ይውጣ" አልኩ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ እንደሻው ምን አሉ? "ደንበኛ እናስቀይማለን፤ ይለፍ።" ሁላችሁም ነበራችሁ። ቃለ ጉባኤ የያዘው ካሣዬ ነው።

ያለፈው ሰኔ፣ ጎበሳ አጠገብ፣ የሰባት ዓመቷ ሳምራ ከፓራፋንጎ ላይ ወደቀች። ሐኪም ቤት አልደረሰችም።

አጣሪ መጣ። "ይህን አስቀድሞ ያሳሰበ ነበር?" አለ። ቃለ ጉባኤው ይውጣ አልኩ። ወጣ። የእኔ ቃል የለበትም፤ ከታች ግን ፊርማዬ አለ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ካሣዬ ጽፎት ምን አነባለሁ? አበልጄ ነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው።

አጣሪው ወደ እናንተ ዞረ። አንዱ ስልኩን አየ፣ ሌላው ጣሪያውን። "አላስታውስም" ያላችሁት ዘጠኝ ናችሁ። እውነቱን የተናገረ ሾፌሩ ከዲሮ ብቻ ነው፤ ያውም ጥፋቱ የራሱ ሆኖ። "አዴ ዘመናይ ነግረውኛል፤ ያልሰማኋቸው እኔ ነኝ" አለ። እሱ ታሰረ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ "አደጋውን አስቀድማ ባለማሳወቋ" ይላል።

ካሣዬ፣ ቤቴ መጥተህ፣ "እህቴ፣ አቶ እንደሻው ቃልሽን አውጣው ስላሉኝ ነው፤ ልጆች አሉኝ" አልከኝ። እሺ፣ አንተ ልጆች አሉህ። የሳምራ እናት አስያስ?

ይህን ሁሉ ችዬ ዛሬ ዝም ብዬ ልሄድ ነበር። ግቢው በር ላይ ስደርስ ግን ትራክተር በአበባ አስጊጣችሁ ጠበቃችሁኝ። ፓራፋንጎው ላይ እቅፍ አበባ ይዛ የተቀመጠችው ማን ናት? የካሣዬ ትንሿ ልጅ፣ ሮሐ። ሞተሩ ይሠራል፤ እናንተ ታጨበጭባላችሁ። አበባውን የተቀበልኳት አቅፌ ካወረድኳት በኋላ ነው።

ይቅርታ በሉኝ አልልም። ከነገ ጀምሮ ስምሪቱን የሚረከበው እዮኤል ነው። አዲስ ነው፤ ሁላችሁንም ይፈራል። "ልጅ አትጫኑ" ሲላችሁ እንደኔ ብቻውን አታስቀሩት። አብራችሁት ተነሱ። የምለምናችሁ ይኸው ነው።

በሉ ልመርቃችሁ። ጤናውን አያጓድልባችሁ። ሥራችሁን ይባርክላችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ሠርጋቸውን ያሳያችሁ። ካሣዬ፣ ቀና በል፤ አንተንም ጨምሬ ነው። ሮሐ ትቅበርህ እንጂ አንተ አትቅበራት።

አሜን በሉ።