ያይጥ ምስክርና አርባዎቹ የትራም ሾፌሮች

ሚኬ ፖስትማ በዚያ ሰኞ ጠዋት ሮተርዳም ላይ ከዝናብ ልትጠለል የትራም ፌርማታ ጣሪያ ሥር ስትገባ፣ አለቃዋን ዶክተር ቴርፕስትራን እዚያው ቆመው አገኘቻቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትወተውታቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉ ሰው ናቸውና ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነበር። ቦርሳቸው ውስጥ አንድ የትራም ድርጅት ስለ ሾፌሮች መመልመያ ፈተና ያዘዘው ዘገባ አለ። ዛሬ ከተላከ፣ ትራም መንዳት ዓመት ሙሉ ያለ እንከን ሲለማመድ የቆየው ዊቤ የተባለ ወጣት «ፈተናው ለሾፌርነት አይበቃም ብሏል» ተብሎ ይባረራል።

«ዶክተር፣ እባክዎ አይላኩት።»

«ደግሞ ጀመርሽ! ፈተናችን የሾፌሩን ብቃት 0.71 ያህል ይተነብያል። አንድ ሙሉ ማለት ፍጹም ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለው?»

«በእነማን ላይ ለክተው ነው?»

«ብቃታቸውን በሥራ ላይ ባየንላቸው አርባ ሾፌሮች።»

«ከሠላሳ ፈተና አምስቱን የመረጡትስ በእነማን ነው?»

«በነዚያው ነዋ!»

«ያይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አሉ!»

ዶክተሩ ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ ጀማሪ መሰልኩሽ? ለዚህ ቀመር አለ። የተጋነነውን ቀንሶ 0.63 ሰጥቶኛል።»

«አበስኩ ገበርኩ! ቀመሩ የሚያውቀው የቀሩትን አምስት ብቻ ነው። አይተው የጣሏቸውን ሃያ አምስት ማን ነገረው? ከሠላሳ ፈተና መካከል እንዲያው በዕድል የሚገጥም አይጠፋም። ይልቅ አንዱን ሾፌር ያስወጡ፤ በሠላሳ ዘጠኙ ምርጫውን ራሱን እንደ አዲስ ይጀምሩ፤ ከዚያ ያስወጡትን ሰው ይተንብዩ። እንዲህ እያሉ አርባ ጊዜ።»

«አርባ ጊዜ! በእጅ እናሰላ በነበረበት ዘመን ቢሆን ጡረታ ያወጣኝ ነበር።»

«አሁን ኮምፒውተሩ እስከ ምሳ ይጨርሰዋል። ከተሳሳትኩ ሁለተኛ አልጨቀጭቅዎትም።»

ይህ ተስፋ ሳያጓጓቸው አልቀረም፤ ዘገባውን አቆዩት። የተማረ ሰው ግትርነት ካልተማረው ይብሳል፤ ያልተማረው ቢሸነፍ ዝም ይላል፣ የተማረው ግን አንድ ቁጥር መዝዞ ከኋላው ይደበቃል።

በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ውጤቱ ወጣ፤ 0.09። ዶክተሩ የአይብ ዳቧቸውን አስቀምጠው ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡ።

«ይሄማ ከዕጣ በምን ይሻላል? ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ሳምንት!» ብላ ጮኸች። «ሦስት ሳምንት ነገርኩዎት እኮ!»

ዶክተሩ አንገታቸውን ደፉ። «ልክ ነሽ፣ ልጄ። ፈተናዎቹን አስቀድሞ ለወሰነ ሰው ቀመሩ ይበቃል፤ እንደ እኔ እያየ ለሚመርጥ ግን ምርጫውም ባልታየ ሰው መፈተን አለበት። እንዲህ ካደረግን ደህናውን ሾፌር አናባርርም፣ የማይሆነውንም ሰው ተሳፋሪ ላይ አንሾምም፤ ቃላችንም ይታመናል።» 0.71ን ሰርዘው 0.09 ጻፉና ፈረሙበት።

«ዊቤስ?» አለች ሚኬ።

«ዊቤማ ይነዳል። በዚሁ ስሌት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስባረርኳቸውን ማን ይመልስልኛል?»

የሚኬ ንዴት በአንዴ በረደ፤ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።