የብዙዓየሁ የዕረፍት ቀን

ደብረ ብርሃን፣ የአንድ ሩጫ ክለብ ካምፕ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፤ ለእሑዱ የአሥር ሺህ ሜትር ውድድር ክለቡ አንዲት ሴት ብቻ ይልካል፣ የተመረጠችው ወጣቷ ብዙዓየሁ ጫማዋን እያሰረች ነው፣ ተጠባባቂዋና የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ አስካለ በሩን ዘግታ ተቀምጣለች።

አስካለ፦ ከዚህ በር አልነሳም። መሮጥ ካማረሽ መስኮቱ ያውልሽ፣ ዝለዪ።

ብዙዓየሁ፦ ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው አልኩሽ እኮ።

አስካለ፦ በመሮጫ ጫማ?

ብዙዓየሁ፦ መንገዱ ዳገት ነው። በነጠላ ጫማ ይወጣል እንዴ?

አስካለ፦ ባለፈው የዕረፍት ቀንም ለጸሎት ብለሽ ወጥተሽ ስትመለሺ ነጠላሽ ጀርባሽ ላይ ተጣብቆ ነበር። ምን ዓይነት ጸሎት ነው እንዲህ በላብ የሚነክረው? ቄሱ ሳይቀሩ ታዝበውሻል። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዙሪያ በሩጫ ስትዞሪ አይተው ከባድ ስለት ያለብሽ መስሏቸው እየጸለዩልሽ ነው አሉ።

ብዙዓየሁ፦ ይጸልዩልኝ። ምን ይጎዳኛል?

አስካለ፦ የሚጎዳሽንማ ግራ እግርሽ ያውቀዋል። ትናንት ከመኪናው ስትወርጂ በቀኝሽ ብቻ ነው የወረድሽው። ሌላ ሰው አላየም፣ እኔ አየሁ።

ብዙዓየሁ፦ አንቺ የማታዪው ምን አለ። ሥራሽ እኔን ማየት ነው።

አስካለ፦ ምን ላድርግ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር የለ። አንቺም ብትሆኚ እያለቅሽ ነው።

ብዙዓየሁ፦ ይልቅ የእግሬን ፋሻ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪልኝና ልሂድ። ትንሽ ሰውነቴን አፍታትቼ እመለሳለሁ። ዛሬ ከተኛሁ ነገ ድንጋይ ሆኜ ነው የምነሳው።

አስካለ፦ አሰልጣኙ ዕረፍት የሰጠን ለቀልድ ነው?

ብዙዓየሁ፦ ለሰነፍ ነው የሰጠው።

አስካለ፦ ጎሽ። ክለቡ በሙሉ ሰነፍ ነው፣ ካንቺ በቀር። ምሳስ በላሽ?

ብዙዓየሁ፦ አብረን አይደል የበላነው?

አስካለ፦ አብረንማ ቀርበናል። እጅሽ ትሪው ላይ ይዞራል፣ ይጠቀልላል፣ ከዚያ ወይ እኔ አፍ ይገባል ወይ ከጎንሽ ያለችው አፍ። አንቺ አፍ ሲገባ አላየሁም። ሴቶቹ ሁሉ ብዙዬ እንዴት ያለች ለሰው አሳቢ ናት ይላሉ። እኔ በጉርሻሽ ወፈርኩ፣ አንቺ ሱሪሽን በመርፌ ቁልፍ ይዘሽ ትሄጃለሽ።

ብዙዓየሁ፦ አልጎርስም አትዪም ነበር?

አስካለ፦ የተዘረጋ ጉርሻ ይመለሳል እንዴ? ማንም እንደማይመልስልሽ አውቀሽ ነው።

ብዙዓየሁ፦ ጾም ይዣለሁ።

አስካለ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው።

ብዙዓየሁ፦ የፈቃድ ጾም ነው።

አስካለ፦ የንስሐ አባትሽ ያውቃሉ?

ብዙዓየሁ፦ እግዜር ያውቃል።

አስካለ፦ እግዜርን እዚህ ውስጥ አታስገቢው። አልጋሽ ሥር ሚዛን አለ። ሌሊት ልብስሽን አውልቀሽ፣ የጸጉርሽን ማሰሪያ ሳይቀር ፈትተሽ ትወጪበታለሽ። የምትጾሚው ለሚዛኑ ነው።

ብዙዓየሁ፦ አንቺ ደግሞ ነቅተሽ ታዪኛለሽ። አታፍሪም?

አስካለ፦ አላፍርም።

ብዙዓየሁ፦ ልንገርሽ? የዛሬ ዓመት እዚህ ስመጣ አሰልጣኙ ሰው ሁሉ ፊት ምን አለኝ? ይቺ ልጅ የምትሮጠው ጤፍ ተሸክማ ነው አለ። ከሁሉ በላይ ጮኻ የሳቀችው ማን ነበረች?

አስካለ፦ እኔ ነኝ።

ብዙዓየሁ፦ ታዲያ?

አስካለ፦ ታዲያ ምን? ያስቅ ነበር። ሰው ተሳቀብኝ ብሎ እህል ይተዋል?

ብዙዓየሁ፦ ይተዋል። ከተውኩ በኋላ አይደል የቀደምኩሽ?

አስካለ፦ እውነትሽን ነው፣ ቀደምሽኝ። ልምምድ ላይ ጀርባሽን ሳይ ነው የከረምኩት። አሁን የጀርባሽን አጥንት አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

ብዙዓየሁ፦ እኔ ከስቼ አይደለም የቀደምኩሽ፣ አንቺ አርጅተሽ ነው። በእኔ ዕድሜ ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?

አስካለ፦ በአንቺ ዕድሜ አንቺ የምትሠሪውን ነበር የምሠራው። ዕረፍት ሲሰጡን እኔ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ጫካ እገባ ነበር። ከዚያ አጥንቴ ተሰበረ። ሩጫ ላይ እንኳ ቢሆን ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር። ልብስ ላሰጣ ስወጣ ደረጃ ላይ ነው፣ እርጥብ አንሶላ ታቅፌ። ሐኪሙ የአጥንቴን ፎቶ አይቶ የአያትሽን ነው ያመጣሽልኝ አለኝ።

ብዙዓየሁ፦ የእኔ ጅማት ነው። አጥንት አይደለም።

አስካለ፦ የወር አበባሽ ከፋሲካ ወዲህ መጥቶ ያውቃል?

ብዙዓየሁ፦ እሱን ደግሞ ምን አገባሽ? እንዲያውም ተገላገልኩ።

አስካለ፦ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ለዓመታት ደስ ብሎኝ ኖርኩ። ካገባሁ በኋላ ልጅ ብፈልግ ብፈልግ እምቢ አለ። ሐኪሟ ሰውነትሽን ስንት ዘመን ነው ያስራብሽው ብላ ተቆጣችኝ። ባሌ ለምን እንደሄደ ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ብዙዓየሁ፦ አፍሽን ሸሽቶ መስሎኝ።

አስካለ፦ አፌንም ሸሽቶ ይሆናል። አሁን መንታ ወልዶ በየሄደበት ፎቷቸውን ያሳያል።

ብዙዓየሁ፦ ...ይህን አላውቅም ነበር።

አስካለ፦ አሁን አወቅሽ። ጫማሽን አውልቂ።

ብዙዓየሁ፦ ቆይ ቆይ። ይህን ሁሉ የምትነግሪኝ ለእኔ አዝነሽ ነው? እኔ ከተኛሁ እሑድ የምትሮጠው ማን ናት?

አስካለ፦ እኔ ነኛ።

ብዙዓየሁ፦ ደግሞ አታፍሪም፣ እኔ ነኝ ትያለሽ?

አስካለ፦ ሌላ ማን አለ? ቦታውን እፈልገዋለሁ። ከዚህ በኋላ የትም የሚልከኝ የለም፣ የመጨረሻዬ ነው። ሌሊት ሚዛንሽ ላይ ስትወጪ ነቅቼ የማይሽ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው፣ በዚሁ በቦታው ነገር።

ብዙዓየሁ፦ እንግዲያው ምክርሽን ለራስሽ አድርጊው።

አስካለ፦ ለእኔ ስለሚጠቅመኝ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ቀናሁብሽ፣ አዎ። እግርሽም ታሟል። ሁለቱም እውነት ነው።

ብዙዓየሁ፦ አንቺ አይገባሽም። አንድ ቀን ከተኛሁ፣ አንድ ቀን ጠግቤ ከበላሁ፣ እሷ ትመለሳለች።

አስካለ፦ ማን?

ብዙዓየሁ፦ የሳቃችሁባት።

አስካለ፦ ትመለሳ። ከእሷ ጋር ብሮጥ ይሻለኛል። ዳገት ላይ እያወራች ትወጣ ነበር፣ እኛ ትንፋሽ አጥሮን እሷ የሠርግ ወሬ ታወራለች። እሷን እፈራት ነበር። አንቺን አልፈራሽም፣ ሲነጋ የምትወድቂ ሰው ነሽ።

ብዙዓየሁ፦ ምላስሽ ይቆረጥ።

አስካለ፦ አሜን። በይ እሺ፣ ልሰርልሽ። እግርሽን ወዲህ አምጪ። እዚህ ጋ ያምሻል?

ብዙዓየሁ፦ አያምም።

አስካለ፦ እዚህስ?

ብዙዓየሁ፦ አያ... አያምም አልኩሽ።

አስካለ፦ ዓይንሽ እንባ አቀረረ።

ብዙዓየሁ፦ እጅሽ ቀዝቃዛ ነው።

አስካለ፦ እሺ፣ ትንሽ ዝቅ ብዬ፣ እዚች አጥንቱ ላይ...

ብዙዓየሁ፦ ተዪ! ተዪ፣ አስኩዬ፣ በእመቤቴ ተዪ።

አስካለ፦ በአንድ ጣት ነው የነካሁሽ። በዚህ እግር ነው አሥር ሺህ ሜትር የምትሮጪው?

ብዙዓየሁ፦ ለአሰልጣኙ እንዳትነግሪው። እስከ እሑድ ብቻ ዝም በዪልኝ። ከእሑድ በኋላ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሚዛኑንም ውሰጂው፣ ያልሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ።

አስካለ፦ እኔም ከዚች ውድድር በኋላ እል ነበር። አንዷ ስታልፍ ሌላዋ ትመጣለች።

ብዙዓየሁ፦ በሕይወቴ ሙሉ ተመርጬ አላውቅም እኮ። ስሜ ሲጠራ ሰምተሽ የለ? እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ በሬዲዮ ልትሰማኝ ነው። ማዪልኝ፣ አልነግረውም በዪና ማዪልኝ።

አስካለ፦ አልምልም።

ብዙዓየሁ፦ ለምን?

አስካለ፦ ነግሬዋለሁ።

ብዙዓየሁ፦ መቼ?

አስካለ፦ ዛሬ ጠዋት፣ አንቺ ገላሽን ስትታጠቢ። መጀመሪያ አላመነኝም፣ ቀናሽባት እንዴ አለኝ። የሱሪሽን ነገር ነገርኩት፣ የእግርሽን ነገርኩት፣ የወር አበባሽንም ሳይቀር ነገርኩት። አፍሮ አቀረቀረ። ነገ ሐኪም ቤት ራሱ ይወስድሻል። የእሑዱን ስም ቀይሮታል።

ብዙዓየሁ፦ የማንን አስገባ?

አስካለ፦ የማንን ያስገባ?

ብዙዓየሁ፦ አንቺ እባብ። ከጠዋት ጀምሮ አውቀሽ ነው እዚህ በር ላይ የምታጫውቺኝ?

አስካለ፦ ዛሬ እንዳትሮጪ ነው። እስከ ነገ እንዳይሰበር።

ብዙዓየሁ፦ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለእግሬ ብለሽ ነው የነገርሽው ወይስ ለቦታው?

አስካለ፦ ለሁለቱም።

ብዙዓየሁ፦ እስክሞት ድረስ ነው የምጠላሽ። ትሰሚኛለሽ? እስክሞት።

አስካለ፦ እሰማለሁ። ጥዪኝ፣ ግን ተኝተሽ ጥዪኝ።